መስኮቱን ዝጊና ሂጂ

የካቲት 14፣ ዓርብ
ደባርቅ ዛሬም ብርድ በብርድ። ጊች ተራራ ላይ ከተተከለው ካሜራ የመጡትን ፎቶዎች የቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ጭኜ፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት የተርሚናል መስኮት ፕሮግራሜን አስነሣሁ። ዋልያዎቹን እየለየ ይቆጥራል... ደስ ይላል ሲያዩት! ሰኞ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ማንያዘዋል የየራሳችንን ውጤት እናቀርባለን። ቋሚ ቅጥር ያለው ለአንዳችን ብቻ።

የዳባት መኪና ሊያመልጠኝ ሆነ። ላፕቶፑን ክፍት ልተወው ወይ? አልኩት ማንያዘዋልን።
"መስኮቱን ዝጊና ሂጂ ባክሽ። የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው እኮ፤ ላፕቶፕሽ ምን አገባው?"
እውነቱን ነው። ዘጋሁት።

የካቲት 16፣ እሑድ
ዳባት። ኪዳነምሕረትና ቅበላ አንድ ላይ። ዶሮውም ጠላውም በዛ።

የካቲት 17፣ ሰኞ
የለም። ፕሮግራሜ የለም! ዓርብ፣ መስኮቱን እንደዘጋሁ ቆሟል። ጠዋት ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩትን ዘረዘርኩ... ያለው የማንያዘዋል ብቻ። ከየትኛው ተርሚናል እንደተነሣ የሚጻፍበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት። ምንድን ነው ይሄ?

ከሰዓት እሱ አቀረበ። እኔ ባዶ እጄን። "አይዞሽ ጤናዬ፣ ኮምፒውተር እንዲህ ነው" አለኝ ሲወጣ።

የካቲት 18
መመሪያውን አነበብኩ። ፕሮግራም ከተነሣበት ተርሚናል ጋር የታሰረ ነው። ተርሚናሉ ሲዘጋ "መስመሩ ተቋርጧል" የሚል ምልክት ይደርሰውና አብሮ ይሞታል። ምልክቱን ችላ እንዲል ገና ሲነሣ ማዘዝ ይቻላል። አንዲት ቃል ናት፤ ኖሃፕ። የጥያቄ ምልክቱም ተርሚናል የለውም ማለት ነው።

ማንያዘዋል የራሱን አስቀድሞ ከተርሚናሉ አላቅቆታል። ያውቅ ነበር! ተርሚናል ያስተማረኝ ማን ሆነና? እሱ ራሱ... ይቺን ቃል ብቻ ዘሎ። ጽዋ አብሮኝ የሚጠጣ የማኅበር ወንድሜ!

የካቲት 25
ቅጥሩን ለሱ ሰጡት።

መጋቢት 12፣ ዓርብ
የሚካኤል ማኅበራችን ዛሬ ማንያዘዋል ቤት ነበር። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን አያ ሀብተ ሚካኤል፣ ጽዋው ሳይቀመስ እንደ ወጉ ጠየቁ።
"እንግዲህ ልጆቼ፣ የተቀያየመ ካለ ይናገር።"
ሁሌም ዝም ነው የሚባለው። ማንያዘዋል ፈገግ አለልኝ። ፈገግታው አናደደኝ።
"አለሁ አባቴ። ከቤቱ ጌታ፣ ከማንያዘዋል ጋር።"
"ምን በደለሽ?"
ሰርቨር ብላቸው ምን ይገባቸዋል? "ሥራዬ እንደሚጠፋ እያወቀ፣ ምንም አይሆንም ብሎ አስዘጋኝ።"
"እውነት ነው፣ ልጄ?"
ማንያዘዋል መሬት መሬት አየ።
"በይ ይቅር በይው" አሉኝ። እንቢ አልኩ። ቂም እያለ ጽዋ አይቀመስምና አያ ሀብተ ሚካኤል መልሰው ከደኑት። ያ ሁሉ ሰው በኔ የተነሣ ሳይቀምስ ወጣ... አልጸጸተኝም።