የአስር አለቃ ኪሮስ ፋይል

ጥር 6፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2፡20

የቀድሞ ወታደሮች ጽ/ቤታችን መዝገብ ቤት ቁልፍ ዛሬም እንቢ አለ። በትከሻዬ ገፍቼ ከፈትሁ። አቧራ፣ የአይጥ ሽታ፣ የተከመረ ፋይል። ደጃፉ ላይ ከአበርገሌ የመጡ ሦስት የቀድሞ ወታደሮች ቁጭ ብለዋል። ኃላፊያችን አቶ ጌትነት ስብሰባ ላይ ናቸው በያቸው ተብያለሁ። ስብሰባ የለም፤ በሩን ዘግቶ ሬዲዮ ይሰማል። እንደተባልሁት አልኋቸው። አንደኛው፣ ክንዱ የተቆረጠው፣ "እግዜር ያክብርሽ" ብሎኝ ሄደ። ደብተሬ፣ በውሸት የተገኘ ምርቃት እንዴት እንደሚያቃጥል አታውቂም።

በዚያው ቀን፣ 9፡00

የሞተ ሰው መጣ። አልቀለድሁም። አስር አለቃ ኪሮስ፣ የደሃናው፣ ግራ እግሩን ግንባር ላይ ያጣው። በአዲስ ሰው ሠራሽ እግር ቆሞ፣ ከዘራውን መስኮቴ ላይ አስደግፎ፣ ፋይሌን አሳይኝ አለኝ። ፋይሉ የሟቾች መደርደሪያ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ "በሞት የተለየ" ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ ደሴ ነበር፣ እግር ሲያሠራ። ደሃና ስልክ የለ፣ የሚልክበት ሰው የለ። ሲመለስ ሚስቱን ጥቁር ለብሳ አገኛት። ቀበሌው ከእኛ የደረሰውን ዝርዝር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስነብቦ ኖሯል። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ተሰብስቦ መርዶውን አርድቷታል። አርባው ወጥቷል። ያላቸው አንድ በሬ ታርዷል። "በራሴ ተዝካር ማግሥት ደረስሁ እኮ፣ እህቴ" አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሰባት ዓመት ልጁ ከመጣ ጀምሮ አትጠጋውም። ሲጠራት እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች።

ፋይሉ እየተፈለገ ነው አልሁት። ሁለተኛ ውሸት፣ በአንድ ቀን።

ጥር 7፣ ረቡዕ። ምሳ ሰዓት

ላንቺ እንኳ ልናገር። ኅዳር ላይ ነው። የቀድሞ ወታደር ጡረታው እንዳይቋረጥ በዓመት አንድ ጊዜ በአካል ቀርቦ መኖሩን ያሳያል። ቅጹ ሦስት ሣጥን አለው፦ ቀርቧል፣ አልቀረበም፣ በሞት የተለየ። ሰባት ሰው አልቀረበም። አቶ ጌትነት ቅጹን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። አልቀረበም ካልን ዞኑ ለምን አልፈለጋችሁም ይለናል። የሞተ ሰው ግን ማንንም አያስጠይቅም። ዓመት ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ሰው ምን ሆኖ ይመስልሻል አለኝ። በሰባቱም ሽፋን ላይ በቀይ ስክሪብቶ "ይዘጋ" ብሎ ፈረመ። እኔ ከሥሩ ጻፍሁ። ሪፖርቱ ንጹሕ ሆነ። በስብሰባ ላይ ተመሰገንን፤ ጭብጨባም ነበረበት።

ፋይሉን አልገለጥሁትም ነበር። ዛሬ ገለጥሁት። መጀመሪያው ገጽ ላይ የጽ/ቤታችን ደብዳቤ አለ፦ አስር አለቃ ኪሮስ ለሰው ሠራሽ እግር ደሴ ሄዶ እንዲታከም። ማኅተም። የአቶ ጌትነት ፊርማ። እኛው ልከነው፣ እኛው ለምን አልመጣህም ብለን ገደልነው። አንድ ገጽ ብገልጥ ኖሮ። አንድ።

ጥር 9፣ ዓርብ። ማታ 1፡00

ወሬው እናቴ ዘንድ ደረሰ። ሰቆጣ ትንሽ ናት። ገበያ ላይ ሰምታ መጣች፤ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ቆማ ጠየቀችኝ። የደሃናው ሰውዬ እውነት ሞቷል ተብሎ ነበር? አዎ። በወረቀት? አዎ። እና ወረቀት ይሳሳታል ማለት ነው?

ምን እንደምታስብ ወዲያው ገባኝ። ወንድሜ ሞላ። ዘምቶ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ሣጥኑን ከፍታ የሞላን ጃኬት አወጣች። አራገፈችው። ገመድ ላይ አሰጣችው።

ላስቆማት ሲገባ ራት አቀረብሁ።

ጥር 12፣ ሰኞ። ጠዋት

የትናንቱ ጥምቀት። እናቴ ነጭ ለበሰች። ከሞላ መርዶ ወዲህ ከጥቁር ወጥታ አታውቅም። ጎረቤቶች እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ፈልገው ምን ደስ እንዳላት አላወቁም። እኔ አውቃለሁ። ከታቦቱ ኋላ ስትሄድ እንደ ልጃገረድ ቀለል ብላለች። የእኔ ስህተት ነው ያስዋባት።

ጥር 14፣ ረቡዕ። 11፡00

ከክልል መርማሪዎች መጡ። ሁለት ናቸው፤ የምትጠይቀው መነጽር ያደረገችው ሴት ነች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። አቶ ጌትነት ንግግር አደረገ። ለሠራዊታችን አባላት ያለውን ክብር ገለጸ። ጥፋቱ የመዝገብ ቤት የጽሕፈት ስህተት ነው አለ። ዓይኑን አላሸም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ከስብሰባ በኋላ ቢሮው ጠራኝ። ሻይ አስመጣልኝ፤ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ሻይ። ነገሩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያልፋል አለኝ። እሱ ለዞን ታጭቷል፤ ሲሄድ አይረሳኝም። ፋይሉን ብቻ አምጭልኝ፣ ሽፋኑ ይቀየራል። የት እንዳለ አላውቅም አልሁት። እንዴት አድርጎ እንዳየኝ። ፋይሉ እቤት ነው፣ ሣጥን ውስጥ፣ የሞላ ጃኬት የነበረበት ቦታ።

ጀግና መስዬ እንዳልታይሽ፣ ደብተሬ። ፋይሉን የወሰድሁት ለፍትሕ አይደለም። ፈርቼ ነው። የእኔም እጅ አለበታ።

ጥር 15፣ ሐሙስ። 8፡30

ኪሮስ እንደገና መጣ። መርማሪዋ ዘንድ ቃሉን ሰጥቶ ወጣ። ቅር ብሎታል። ካሣ ትፈልጋለህ ወይ ብላዋለች። እሱ የሚፈልገው ሌላ ነው። ቀበሌው ተሳስተናል የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ ማን ያነበዋል? "መሞቴን ሕዝብ ፊት በአፍ አስነግረዋል። መኖሬንም በአፍ ይንገሩልኝ። ያችን ወረቀት የጻፈ ሰው ይምጣ፣ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ደጀ ሰላም ይቁምና ተሳስቼ ነው ይበል። ያን ጊዜ ልጄም ትሰማለች" አለኝ። የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው፤ መርዶ የነገረ ሰው ራሱ ካልመለሰው አይመለስም።

ማን እንደጻፈው አላወቀም። ደግ ነሽ አለኝ። ውኃ ስለሰጠሁት።

ጥር 19፣ ሰኞ። 5፡00

የቀሩትን ስድስት ፋይሎች አወጣሁ። ኅዳር ላይ ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ አደረግሁ፤ ደወልሁ። አንዱ በእርግጥ ሞቷል፤ ልጁ አነሳ። አራቱ ጥሪ አይቀበሉም። ስድስተኛው የጋዝጊብላ ሰው ነው። ሁለቴ ጠራና አንድ ጎርናና ድምፅ "አቤት፣ ማን ልበል?" አለ። ስሙን ጠየቅሁት። ነኝ አለኝ። ዘጋሁበት። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ጥር 21፣ ረቡዕ። 12፡00

እናቴን ከመናኸሪያ አመጣኋት። ለካ ከጥምቀት ወዲህ በየቀኑ የወልድያው አውቶቡስ ሲገባ እዚያ ትቆማለች። በብርዱ አሟታል። ዛሬ አንድ ወታደር ወርዶ ነበር፤ ከኋላው ቁርጥ ሞላን። ስሙን ጠርታ ሮጠች። ልጁ ዞረ። ደንግጦ እጇን ሳመ አሉ። ይህን የነገሩኝ ሎሚ የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው፤ እናቴ አልነገረችኝም። ደግሞ ነገ ይመጣል አለችኝ እንጂ።

አይመጣም። ሞላን በእጁ የቀበረው ጓደኛው እዚህ ቤት፣ እዚህ መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ነግሮናል። የሞላን የእጅ ሰዓት ሰጥቶናል። የሞላ መርዶ በወረቀት አልመጣም፤ በሰው መጣ። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። እኔ ነኝ ያስረሳኋት። አንድ ገጽ ባለመግለጥ ልጇን ደግማ እንድትቀብረው አደረግኋት።

አቶ ጌትነት ቢጠየቅ፣ ቢሻር፣ ይህን ምን ይመልሰዋል? ምንም። ግን ዝም ብል እሱ ዞን ይገባል። የዞኑን ሁሉ ወታደር በአንድ ስክሪብቶ ሊዘጋ ነው።

ጥር 23፣ ዓርብ። 10፡00

ሰጠሁ። ሰባቱንም ፋይሎች፣ ቀይ ፊርማቸውን ይዘው። ቃሌን ራሴ ጻፍሁት፦ ትእዛዙ የአቶ ጌትነት ነው፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ሁለታችንም እንጠየቅ። መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ምን እንደሚደርስብሽ ታውቂያለሽ አለችኝ። አውቃለሁ አልሁ። የጋዝጊብላውን ሰውዬም ነገርኋት። ጻፈችው። ስወጣ አቶ ጌትነት ኮሪደር ላይ ቆሟል። ሰላም አልሁት። ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከዚያ ኪሮስን ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ያች የምትፈልጋት ሰው እኔ ነኝ አልሁት። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ በተሻለኝ። እሑድ ቅዳሴ በማለዳ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተነሽ አለኝ፣ ሄደ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ። ጠዋት 12፡10

ከሰዓት ወደ ደሃና እወጣለሁ። ነገ ደጀ ሰላም እቆማለሁ። ምን እንደምል አውቃለሁ፤ አጭር ነው።

ከዚያ በፊት ግን የዚህ ቤት መርዶ አለ። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ይኸው ነጋ። ጎረቤት አልጠራሁም። ሞላ አይመጣም ብሎ መልሶ የሚያረዳት ተስፋውን የሰጣት ሰው ነው፣ እሱም እኔ። እናቴ ነቅታለች። የሞላን ጃኬት ጭኗ ላይ ዘርግታ የላላ ቁልፉን እየሰፋች ነው። ለአውቶቡሱ ታዘጋጃለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና ብላ አየችኝ፣ ምነው ልጄ ቆምሽ አለችኝ። ደብተሬ፣ አሁን ላስቀምጥሽ ነው፣ እማዬ ልላት ነው።