ከእጄ ያላወጣሁት ክር

ለምወድህ ወንድሜ ለናይደን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርዱን እንዴት ቻልከው? እዚያ እንጨት በምትቆርጥበት ሩሲያ ጫካ ውስጥ በረዶው ገና ወገብ ይደርሳል አሉ። የሱፍ ካልሲዎቹ ደረሱህ? ጣቶችህስ አሥሩም አሉ ወይስ መጋዙ ተካፈለህ? እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም።

አባዬ ባለፈው እንደጻፍኩልህ የእርሻ ማኅበሩ ትራክተር ተገልብጦ ደረቱን ከሰበረው ወዲህ፣ እኔው በምሠራበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል አራተኛው አልጋ ላይ ተኝቷል። በመሣሪያ ስለሚተነፍስ መናገር አይችልም። ያም ሆኖ ማርች ሲገባ በጣቱ አንሶላው ላይ «ራኪያ» ብሎ የሚወደውን አረቄ ስም ጽፎ አስቆኝ ነበር። ሐኪሙም በሳምንት ውስጥ መሣሪያው ይነቀልለታል ብሎን ነበር።

ማርች አንድ ቀን፣ አገሩ ሁሉ የጸደይ ክር በሚያስርበት ዕለት፣ እማዬ እንደ ልማዷ ቀይና ነጭ ክር ገምዳ እጄ ላይ አሰረችልኝ። ሌላ ጊዜ ጸደይን የምታበስረውን የመጀመሪያዋን ሽመላ እስክናይ ነው የምናስረው። ዘንድሮ ግን «አባትሽ በእግሩ ቤት እስኪገባ እንዳትፈቺው፤ እሱን ከፈታሽ አባትሽን ለቀቅሽው ማለት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሁለተኛው አልጋ ላይ የነበረውን ሰውዬ ድንገት ትኩሳት ያዘውና በሁለት ቀን ሞተ። ሦስተኛው አልጋ ላይ የነበረችው አስተማሪም ተከተለችው። በሁለቱም ደም ውስጥ አንድ ዓይነት ጀርም ተገኘ። ዋና ነርሳችን ሲስተር ጋንቼቫ መቀስ ይዛ ገባችና «በሉ እጃችሁን ዘርጉ፤ ጸደይ እንደሆነ ያለእናንተ ክርም ይመጣል» እያለች የነርሶቹን ሁሉ ክር ቆረጠች። ከክር ሥር ሳሙና አይደርስም። እኔ የእኔን ወደ ክርኔ ገፍቼ በእጅጌዬ ሸፈንኩት። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፣ አላወቅኩም አልልህም። የእማዬን ቃል ፈራሁ።

እሑድ ዕለት የአባዬን አክታ በቱቦ ስስብለት ክሩ ተንሸራቶ አንጓዬ ላይ ወርዶ አየሁት፤ ርሷል። ማክሰኞ አባዬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትኩሳቱ አርባ ገባ፣ የደም ግፊቱ ወረደ፣ ሽንቱ ቆመ፣ የጉልበቱ ቆዳ ዝንጉርጉር ሆነ። ያንን መልክ አውቀዋለሁ፤ ከእሱ በፊት በሁለቱ ላይ አይቼዋለሁ። ሐኪሙ ደሙ ተመርዟል አለ። መድኃኒት ቀየሩለት፣ ትኩሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ረቡዕ ክሩን ቆርጬ ለጋንቼቫ ሰጠኋት። ትጮህብኛለች ስል ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምነው ቬሊካ፣ ከሁሉ አንቺ?» ብቻ አለችኝ። ክሩን ወደ ላቦራቶሪ ላከችው፤ መልሱ ነገ ይመጣል። እኔን ከክፍሉ አስወጥታ አንሶላ መጋዘን መደበችኝ። ጀርሙ ምናልባት ከቱቦው ይሆናል፣ ምናልባት ከመታጠቢያው፣ ምናልባትም ከሌላ ሰው እጅ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ አንሶላ ሳጥፍ ግን እያቋረጥኩ እጄን ደግሜ እታጠባለሁ። ናይደን፣ አባታችንን በእጄ የገደልኩት እየመሰለኝ ነው።

እማዬ ምንም አታውቅም። ትንሽ ትኩሳት አለው ብያታለሁ። ማታ ስገባ የምትጠይቀኝ ስለ ክሩ ነው፤ እጅጌዬን ጎትቼ «አለ» እላታለሁ። ነገ መልሱ ምንም ይሁን ምን እነግራታለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ይሻላል። አንተ ይህ እንደደረሰህ አለቃህን ፈቃድ ጠይቅ። ቴሌግራም አትጠብቅ።

እማዬ ሁለቱን ጉንጮችህን ሳሚልኝ ብላለች። ለአንተ የገመደችውን ክርም ፖስታው ውስጥ እንድጨምረው ሰጥታኝ ነበር፤ አልጨመርኩትም። አክስታችን ዶብራ ሰላም ትልሃለች፣ ጉልበቷ ተሽሏታል። ልጄ ኢስክራ የድብ ጥርስ አምጣልኝ ትልሃለች። ከአባዬ የምልክልህ ሰላምታ የለኝም። ዛሬ ጋንቼቫ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ ስምህን ስትጠራለት በመስታወቱ በኩል አይቻለሁ፤ ዓይኑን አልገለጠም።

እህትህ ቬሊካ
ዶልኖ ብርዶ፣ ቡልጋሪያ
ሐሙስ፣ ማርች 15 ቀን 1984