እናቴ መርቃዎት ለወጣችበት መስኮት ቁጥር አራት

ለክቡር የቪዛ ጉዳይ ሹም
መስኮት ቁጥር አራት
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከመስታወቱ ወዲያ ያለው አየር ተስማምቶዎታል? ከመስታወቱ ወዲህ ያለነው የላስታ ሰዎች፣ ተመስገን፣ እስካሁን በሕይወት አለን።

ማክሰኞ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እናቴ ወይዘሮ ወለተ ሐና ይታገሱ በግቢዎ በር ወጣች። እኔ ደጋፊ አይገባም ተብዬ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እጠብቃት ነበር። የሰጧትን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ፊቷ በርቶ መጣች። «ሰጠኝ» አለችኝ። «ልጁ ጨዋ ነው። መርቄው ወጣሁ።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በእኛ አገር በብልባላ ገጠር ግን ከሹም እጅ የሚወጣ ወረቀት በሁለት እጅ ይቀበሉታል፤ እሷም የእርስዎን ወረቀት እንደ መስቀል ተሳልማ ነበር የተቀበለችው። ተቀብዬ አነበብኩት። ተከልክላለች። ይህንን መንገድ ዳር ቆሜ ለእናቴ የመንገሩን ዕድል ለእኔ ስለተዉልኝ በቅድሚያ ከልብ አመሰግናለሁ።

ጉዳዩን ከብዙ ጉዳዮች መካከል ረስተውት ይሆናልና ላስታውስዎ። ታላቅ እህቴ ንጋት በአገርዎ ትኖራለች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። በሦስተኛው ሐኪሞቹ አልጋ ይዛ እንድትቆይ አዘዟት። ባሏ ከሥራ የሚያገኘው ፈቃድ ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ እናቴ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አብራት ሆና፣ በአራስ ቤቷ ልታስታምማትና ልጁን ክርስትና አስነስታ ልትመለስ አመለከተች። የጠየቀችዎ ይህንን ብቻ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ስላደረጉላት መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፎቶግራፉ። ጆሮዋ ካልታየ አይሆንም በመባሉ፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ በወንድ ፊት ሻሿን ፈትታ የማታውቅ ሴት ላሊበላ ከተማ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ፈታች። ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው መስቀልም አብሮ ተነሳ። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ «እማማ፣ ይቅርታ» እያለ ነበር ያነሳት። ከዚያ ወዲህ እስከ መስኮትዎ ድረስ ይቅርታ የጠየቃት ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ስሙን ባውቀው እጽፍልዎ ነበር።

2ኛ. ስለ ልደት ማስረጃው። በስልሳ ስምንት ዓመቷ መወለዷን እንድታረጋግጥ ስለጠየቋት እናመሰግናለን። ስትወለድ የነበሩ ምስክሮች አምጪ ተባለች። ሁሉም ደብሩ ግቢ ውስጥ ተኝተዋል።

3ኛ. ስለ መሬቷ። ደብዳቤዎ እናቴን ወደ አገሯ የሚመልሳት በቂ ጉዳይ እንደሌላት ይገልጻል። ማስረጃውም መሬቷን ለጎረቤታችን ለወንዴ በእኩል፣ አርሶ ምርቱን ሊያካፍላት፣ መስጠቷ ነው። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ገብስ የሚዘራው በሰኔ ነው። በሰኔ እዚህ የማትኖር ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ካልሰጠች መሬቱ ጦም ያድራል፤ እሷም ስትመለስ የምትበላው አይኖርም። የሰጠችው ስለምትመለስ ነው። ለቅቃ የምትሄድ ሰው የጥቅምት አዝመራ አታስብም። ባትሰጠው ኖሮ ደግሞ «በሰኔ ማን ሊያርስልሽ ነው፣ ጉዞሽ እውነት አይመስልም» እንደሚሏት አልጠራጠርም። በሁለቱም በኩል ዝግ የሆነ በር እንዲህ አስተካክሎ መሥራት ትልቅ ሙያ ነውና አደንቃለሁ።

4ኛ. ስለ ጥያቄው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ዘለግ አድርጌ ብጽፍ አይቀየሙኝ።

እኔ መምህርት ነኝ። ለሦስት ወር፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ እናቴን ለእርስዎ ፈተና አዘጋጀኋት። እኔ እርስዎን ሆኜ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ሁሉንም በሁለት እሑድ ያዘችው፤ የንጋትን አድራሻ ሳይቀር በቃሏ ትወጣው ነበር። አንዱ ብቻ አልሆነላትም። «ትመለሻለሽ?» ስላት «እሱ ከፈቀደ» ትላለች። «እመለሳለሁ በይ፣ እማዬ፣ በቃ እዚያ ላይ አቁሚ» እላታለሁ። «ነገን በእጄ የያዝኩት አስመስዬ እንዴት ልናገር?» ትለኛለች። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ፣ የነፍስ አባቷ፣ በመጨረሻ አስታረቁን፤ «እመለሳለሁ» የሚለውን በአፏ፣ «እሱ ከፈቀደ» የሚለውን በልቧ እንድትል። በዚህ ተስማምተን አዲስ አበባ ገባን።

ያልገመትኩት አንድ ነገር ነበር። ከመስኮትዎ በፊት አሻራዋን ሲወስዱ፣ ቀኝ እጇን አስነስተው እውነቱን ብቻ እንድትናገር ቃል አስገቧት። በላስታ ይህ መሐላ ነው። ነገን በተራ ወሬ የማትደፍር ሴት በመሐላ ልትደፍረው አትችልም። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ አስተርጓሚዎ፣ በዕድሜ የእኔ ታናሽ የሚሆን ሰው፣ የስልሳ ስምንት ዓመት እናት «አንቺ» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ሦስቱንም ጊዜ «እሱ ያውቃል» አለች። እርስዎም አመልካቿ ስለመመለሷ ራሷም እርግጠኛ አይደለችም ብለው ጻፉ።

በዚያ ቀን ስንት ሰው «በእርግጥ እመለሳለሁ» ብሎዎት እንዳለፈ አላውቅም። ላለመዋሸት የተጨነቀችውን አንዷን ግን ለይተው ስላወጧት ብቃትዎ የሚያስመሰግን ነው።

አሁን ደግሞ በማመልከቻው ላይ ቦታ ስላልነበረው ያላያያዝኩትን ማስረጃ ልንገርዎ። ቪዛ ለመጠየቅ በተነሳችበት ሳምንት እናቴ መገነዣዋን፣ ማለትም ስትሞት የምትከፈንበትንና ዓመት ሙሉ ራሷ የፈተለችውን ነጭ ሸማ፣ ከሣጥኗ አውጥታ ለቄስ ሰይፈ ሥላሴ በአደራ ሰጠች። ከአባቴ መቃብር ጎንም ቦታዋን አሳየቻቸው። እኔ ስበሳጭ ሳቀችብኝ። «መገነዣዬ ካለበት የት እቀራለሁ?» አለች። የባንክ ደብተር፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉንም አስተርጉሜ አስገባሁ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ዋስትና ግን እንደ አሮጊት ወግ ቆጥሬ ተውኩት። ብጽፈውም ይለውጥ ነበር ብዬ አላስብም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ላስታውቅዎ። ለንጋት ተብሎ የተፈጨው የገንፎ ዱቄት ለሌላ አራስ ተሰጠ። ሰኔ 12 ቀን ንጋት በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ተርፈዋል። ባሏ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ፤ የተሰፋ ሆዷን ይዛ ብቻዋን ከአልጋ ወረደች። ንጋት ስትደውል የምታለቅሰው እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ እንደሆነ ነግራኛለች፤ እናቴም እንዲሁ። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ፣ ጳጉሜን 2፣ ክርስትና ስትነሳ ሥርዓቱን በስልክ ልናይ ተሰብስበን ነበር። ኔትወርኩ ገና ውኃው ሳይነካት ተቋረጠ። እናቴ ጥቁሩን ስክሪን ለረጅም ጊዜ ይዛው ተቀመጠች።

ደብዳቤዎ እንደገና ማመልከት እንደሚቻል ይጠቅሳል። ጠየቅሁ፤ ቅርብ የሚባለው ቀጠሮ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። እናቴን ልንገራት ስል አስቆመችኝ። «ተይው ልጄ፣ እሱ አልፈቀደም» አለች። ከዚያ ወዲህ የንጋትን አገር አንስታ አታውቅም። የተስፋዋን መጨረሻ ያየሁት ያኔ ነው፤ የእኔም ከዚያ አይርቅም።

ስለዚህ የቀረኝ በታላቅ አክብሮት ከእንግዲህ የማልቀበለውን ማሳወቅ ነው። እናቴን ለማንም መስኮት ብዬ ሁለተኛ ውሸት አላስተምርም። ዕድሜዋን «አንቺ» ብሎ ለሚያዋርድ ሰው አላቆማትም። እውነት መናገሯ እንደ ጥርጣሬ ሲመዘገብ በዝምታ አላልፍም። ከሁሉም በላይ ደግሞ እሷ ጥፋቱን ለፈጣሪ ሰጥታ እርስዎን በነጻ ማሰናበቷን አልቀበልም። እግዚአብሔር አልከለከላትም። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።

ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ፣ አንገቴን ሳልደፋ፣ እጅ የምነሳዎ
ፀደይ አራጋው
ላሊበላ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ስትወጣ የመረቀችዎትን አስተርጓሚዎ ሳይተረጉምልዎ እንዳለፈው ከእሷ ሰምቻለሁ። «ለእናትህ ደጅ ያብቃህ» ነበር ያለችዎ። ደብዳቤው ምን እንደሚል ከነገርኳት በኋላ ምርቃቱን እንድትመልስ ጠይቄያት ነበር፤ ምርቃት አይመለስም አለች። እንግዲህ እንደ ውሳኔዎ ሁሉ የእሷም ይግባኝ የለውም። ለእናትዎ ደጅ በበቁ ቀን በሩን የሚከፍትልዎ ሰው አስቀድሞ መመለስዎን በመሐላ እንዳይጠይቅዎ እመኛለሁ።