የተበሳው የራዲያተር ቱቦ

ለወንድሜ ለሚልኬሳ፤ እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን።

አባዬ ዛሬ ለመኪናው አዲስ የራዲያተር ቱቦ አስገጠመ። ቤት ድረስ የመጣው መካኒክ ሕሩይ የፈታውን ቱቦ እያሳየው፣ «ጋሽ ሂርጳ፣ ይሄ እኮ በመርፌ ተበስቶ ነው ውሃ የሚያፈሰው» አለው። አባዬ ወደ ስፌት ማሽኔ አየት አድርጎ፣ «የኔ ቤት አይጥ ልብስ ሰፊ ናታ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሦስት ሳምንት መኪናው ስር ተኝቶ ቀዳዳውን ሲፈልግ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። «ተባረኪ ልጄ» ይለኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ካራ ድረስ ነድቶ፣ ድሮ የሸጥነው ቤት በር ላይ እናታችን እንድትከፍትለት ጥሩምባ ሲነፋ ዋለ። ካረፈች ስድስት ዓመቷ መሆኑን ለቤቱ ሰዎች የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ልጆችህን በመኪናው እንጦጦ ሊያወጣቸው ቃል ገብቶላቸዋል። ጫማቸውን ከአሁኑ አጥበዋል። መርፌውን አልጣልኩትም። አዲሱንም ቱቦ ልብሳው ወይስ ልተወው፣ እስከ ዓርብ ማታ ደውለህ ንገረኝ።

ሰላምህን የምትመኝ እህትህ ዳርቱ