የወረቀት ጽጌረዳ

ለታላቅ እህቴ፦

እንዴት ነሽ እቴቴ? ሳሉስ ተወሽ? እኛ ደህና ነን። እናታችን መብላት ጀምራለች፤ አባታችን ሬዲዮውን እንደገና ከፍቷል። እኔም ትናንት ትምህርት ቤት ተመለስኩ። የሒሳብ አስተማሪያችን ያልሠራሁትን የቤት ሥራ አልጠየቀኝም፤ ደግነት እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር።

ስለ ግቢው ላጫውትሽ። በመስኮትሽ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ለአንድ ተክል ብቻ ነበር የሚበቃው። አንቺ የጥላ ዛፍ ብለሽ ሙጭጭ፣ እኔ ጽጌረዳ ብዬ ድርቅ። አባታችን ክርክሩ ሲሰለቸው የሁለቱንም ችግኝ ገዝቶ መጣና እናንተው ተጨራረሱ አለን። እኔ ዛፍ ወፍ ይጠራል፣ ወፍ ደግሞ የታጠበ ልብስ ላይ ይጥላል አልኩ። ጽጌረዳ በሁለት ወር ያብባል፤ ዛፍሽ ጥላ እስኪኖረው ግን አሥር ዓመት ነው ስል እናታችን ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ አንቺ፣ ጠበቃው ዛሬ ጥሩ ተከራከረ ብለሽ ፈረድሽልኝ። ዛፍሽ አሮጌ ባልዲ ውስጥ ቀረ።

ጽጌረዳው ግን ሁለት ወር ሙሉ ቅጠል ብቻ። ከአልጋ መነሳት ሲያቅትሽ እኔም መጠበቅ አቃተኝ። ከወላጆች ቀን በተረፈ ቀይ ወረቀት አምስት አበባ ሠርቼ በክር አሰርኩበት። በመስኮት አይተሽ ስታጨበጭቢ ኩራቴ! ምን ዋጋ አለው፣ እናታችን ከላይ ውሃ አጠጣችው። ቀለሙ አጠገቡ በተሰጣው ነጭ አንሶላ ላይ ሲወርድ፣ ማነው የቆሰለው ብላ ጮኸች። አንቺ እስክታስይ ሳቅሽ። ከዚያ ጠራሽኝና፣

«ከሩቅ ነው ያወቅኩት፤ ክሩ ይታያል። ዛፉን ያልኩት ግን ለአንተ ነበር፤ ፀሐይ ሲነካህ ራስህን ያምሃል» አልሽኝ።

ኮፍያ አደርጋለሁ ብዬ ተከራከርኩ።

በቀበርንሽ በሦስተኛው ቀን ወፍራሙ አጎታችን ሊያጽናናን መጣ። ግቢ ውስጥ የሰጠነው ወንበር ተሰበረና ጽጌረዳው ላይ ቁጭ። ጎረቤታችን ነርሷ እሾሁን ነቀለችለት፤ ከየት እንደነቀለችለት አልጽፍልሽም። እናታችን ፊቷን ሸፍና ስትንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ አይዞሽ ሊላት ተሯሯጠ። እኔ ግን ከጎኗ ስለነበርኩ አየኋት፤ እየሳቀች ነበር። ጽጌረዳው አልተረፈም።

ዛሬ ትምህርት የለም። እንግዳው ሁሉ ሄዷል፣ እነ አባታችንም ሥራ ገብተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ዶማ አውጥቼ የጽጌረዳውን ሥር ነቀልኩ፤ አንዱ ክር አብሮት ወጣ። ዛፍሽን ተከልኩና በዚያው ክር ከዱላ ጋር አሰርኩት። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። በርጩማ አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ጥላው የቀኝ ጫማዬን ብቻ ሸፈነው። ፀሐይዋ ስትዞር በርጩማዬን ይዤ አብሬ ዞርኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ራሴን አመመኝ። ኮፍያ ግን አላደረግኩም።

ያለሽበት ቦታ ብርሃኑ አይጉደልብሽ፤ ጥላም አይጥፋ።

የተረታው ጠበቃ፣
ታናሽ ወንድምሽ