ለተሰበሩት አሥራ ዘጠኝ የጥርስ ማውጫ ኢንሰርቶች ተጠያቂው እኔ ስለ መሆኔ

ለማሽን ሥራ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ቀን፦ 12/07/2016

ጉዳዩ፦ በሦስተኛው ቶርኖ ባለሙያ ላይ የተወሰነው ዝውውር ተነሥቶ የኢንሰርት ምርጫው እንዲታረም ስለ መጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በአንድ ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ኢንሰርት እንዴት ይሰበራል? ይህን ባለፈው ሐሙስ በስብሰባው ላይ ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ሁለቱንም ጊዜ መልሱን እያወቅኩ ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር።

1. አመልካች በድርጅቱ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በሦስተኛው ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) በማይዝግ ብረት የፓምፕ ዘንጎች ላይ የብሎን ጥርስ የሚያወጡትን፣ የጥፍር ያህል የሆኑትን የካርባይድ ስለቶች (ኢንሰርቶቹን) እንድመርጥ ግዥ ክፍል በደብዳቤ ጠየቀኝ። «ኢንጂነር» ተብሎ የተጻፈልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለነበር ቤት ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። አንብባ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰካችው።

2. ካታሎጉን ሦስት ቀን አነበብኩ። ከሁሉ የጠነከረውን ደረጃና ከሁሉ የወፈረውን ሽፋን መረጥኩ፤ በሠንጠረዡ ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው እሱ ነበር። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «በፍጥነት ለሚዞርና ለማይንቀጠቀጥ ማሽን» ይላል። ይህን ያነበብኩት አሥራ አራተኛው ከተሰበረ በኋላ ነው። ሦስተኛው ቶርኖ ፈጣን አይደለም፤ መንቀጥቀጡንም ሒሳብ ክፍል ቁጭ ብሎ ማወቅ ይቻላል።

3. ዕቃው በገባ ቀን የቶርኖው ባለሙያ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ሚዛን» የሚላቸው፣ አንዱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩና «አንተ መሐንዲስ፣ ይሄ እኮ ደንዟል። ገና ሥራ ሳይጀምር ጡረታ ወጥቷል» አሉኝ። ጠርዙ የደነዘው ሽፋኑ ስለወፈረ እንደሆነ፣ ይህም ጥቅሙ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ጥርስ ላወጡ ሰው፣ ጥርስ እንዴት እንደሚወጣ በሥዕል ጭምር፣ በሙሉ አክብሮት። «እሺ፣ የተማረ ይግደለኝ» ብለው አሰሩት።

4. የማይዝግ ብረት በቀስታ ሲቆረጥ ፍቅፋቂው ስለቱ ላይ ይጣበቃል። ሲላቀቅ ሽፋኑን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ካርባይድ ጠንካራ እንጂ ቻይ ስላልሆነ በማሽኑ መንቀጥቀጥ ይፈረፈራል። በመጀመሪያው ቀን አራት ሄደ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ «ጋሼ፣ እየቆረጠሙት ነው እንዴ?» ብትላቸው «በየትኛው ጥርሴ ብለሽ!» አሏት።

5. በስብሰባው ላይ ሲጠየቁ «የእጄ ጉድለት ነው» አሉ። ኮሪደሩ ላይ ተከትዬ ለምን እንዲህ እንዳሉ ጠየቅኳቸው። «አንተ ገና የሙከራ ጊዜህን አልጨረስክም። እኔን ደግሞ የት ያደርሱኛል?» አሉኝ። ያደረሷቸው መጋዘን በር ላይ ነው፤ ካርቶን ይቆጥራሉ። በቃለ ጉባኤው ውስጥ «በባለሙያው የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ደግሞ ያምራል።

6. በቦታቸው የተተኩት ባለሙያ ሰኞ ዕለት ከአሥራ ዘጠኙ ሌላ ሦስት ሰብረዋል። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ያለ ፈቃድ (ይህም ጥፋቴ ላይ ይደመርልኝ)፣ ጋሼ ሚዛንን ከመጋዘን ጠርቼ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ኢንሰርት አሳሰርኳቸው፤ ቻይ ደረጃ፣ ቀጭን ሽፋን፣ የሰላ ጠርዝ ያለው። በአንድ ጠርዝ ሠላሳ አንድ ዘንግ ሠራ። ሠላሳ ሁለተኛውን ያላየነው የምሳ ሰዓት ስላለቀ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. ዝውውሩ ተነሥቶ ጋሼ ሚዛን ወደ ቶርኗቸው እንዲመለሱ፤

ለ. በእኔ ምርጫ የተዘጋጀው የዓመቱ ትዕዛዝ ሳይፈረም እንዲቆም፤ ለማይዝግ ብረት በስድስተኛው አንቀጽ የጠቀስኩት ዓይነት እንዲገዛ። የተገዛው ጠንካራ ኢንሰርት መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ቦታው አይደለም እንጂ። ፈጣንና የማይንቀጠቀጥ በሆነው አዲሱ ቶርኖ ላይ ለጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ለፈሰሰ) ብረት ይሞከር። ለአሉሚኒየም ግን ሽፋን የሌለው ይሻላል፤ ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤

ሐ. ቃለ ጉባኤው «በመሐንዲሱ የምርጫ ስህተት» ተብሎ እንዲታረም። የምገለብጠው እኔው ነኝ።

የሙከራ ጊዜዬን በተመለከተ የምጠይቀው የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ግን በዚህ ደብዳቤ አይደለም።

ክቡርነትዎ የፊታችን ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሦስተኛው ቶርኖ ዘንድ ቢገኙ፣ ሁለቱን ኢንሰርቶች በአንድ ዓይነት ዘንግ ላይ በየተራ ፊትዎ እናሠራለን። ማሽኑን የሚይዙት ጋሼ ሚዛን እንዲሆኑ ለመጋዘኑ ትእዛዝ ይተላለፍልኝ። መልስዎ በእሳቸው ስም ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ ለእኔ ግልባጩ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ሰላምታና ከሙሉ ኃላፊነት ጋር

(ፊርማ)
በሙከራ ላይ ያለ ጀማሪ መሐንዲስ