ለማንበብ መጀመሪያ ይመዝገቡ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ በተለይም ወገብዎና ጉልበትዎ እንዳይታመሙ ከልብ እመኛለሁ። ይህን መመኘቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፊዚዮቴራፒ ክፍልዎ ወገብና ጉልበት ማከም የሚማሩት ልጆች፣ አሁን ባለው ሁኔታ፣ ቢመረቁም የማንንም ጉልበት በሕግ መንካት አይችሉም። ከእነዚህ ልጆች አንዷ የእኔ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች።

እኔ የብስኩት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። አንድ ፓኬት ብስኩት ከምን እንደተሠራና መቼ እንደሚበላሽ ሳይጻፍበት ከበር እንዳይወጣ ማድረግ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት፣ ትምህርቱ ዕውቅና ያለው መሆን አለመሆኑን፣ ተመራቂው ለሙያ ፈቃድ ፈተና መቀመጥ መቻሉንና ስንቱ ሥራ እንዳገኘ እንዲያሳውቅ ሕግ እንደሚያዝ ስሰማ፣ የልጆቻችን ትምህርት ከብስኩት እኩል በመከበሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬን ያደበዘዙብኝን ነጥቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ልጄ ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል በገባችበት ቀን፣ የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ሴት በጋውኗ ላይ ያለውን ዓርማ አይተው፣ «የኔ ልጅ፣ ከእናንተ ዩኒቨርሲቲ የወጣ እኮ ለፈቃድ ፈተና አይቀመጥም፤ አልነገሯችሁም እንዴ?» አሏት። አልነገሯትም። ማታ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ልጅቷ አብራ እንዳልሳቀች ያየችው ቆይታ ነው።

፪ኛ/ ነገሩን ለማጣራት ወደ ግቢዎ መጣሁ። የመረጃ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ወጣት ሕጉ የሚያዘው ሁሉ ሬጅስትራር ሕንፃ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መለጠፉን በፈገግታ ነገረችኝ። የሕንፃው ጥበቃ ግን፣ «ጋሼ፣ የተማሪ መታወቂያ የሌለው አይገባም» አለኝ። ገና ያልተመዘገበ ሰው መመዝገብ ይሻለው እንደሆነ የሚወስንበትን ማስታወቂያ በየት በኩል እንደሚያነበው ብጠይቀው፣ «ተመዝግበው ይግቡዋ! ማን ከለከለዎት?» ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

፫ኛ/ ተመዘገብኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከአጫጭር ሥልጠናዎቻችሁ እጅግ አጭሩን መርጬ ገባሁ፤ «ደንበኛ ተኮር አገልግሎት» ይባላል። አሠልጣኙን እስካሁን አላየኋቸውም። መታወቂያው ግን ሳይውል ሳያድር ስለተሰጠኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፬ኛ/ ማስታወቂያው በእርግጥ አለ፤ ሰው አላማም። የተቆለፈ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ግማሹ በክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር ፕሮግራም ተሸፍኗል። አንገቴን አጣምሜ እንዳነበብኩት፣ የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ የዕውቅና ጥያቄ «በሂደት ላይ» ስለሆነ ተመራቂዎች «ለጊዜው» ለፈቃድ ፈተና አይቀርቡም። በላዩ ላይ እንዳለው ቀን፣ ማስታወቂያው የወጣው ልጄ ከመመዝገቧ በፊት ነው። እንግዲህ ታውቁ ነበር ማለት ነው፤ ባለማወቅ ጠርጥሬያችሁ ስለነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከጎኑ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ ከተመራቂዎቻችሁ ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም «በሥራ ላይ» መሆናቸውን ያበስራል። ከታች በደቃቁ እንደተጻፈው፣ ይህ ቁጥር ሥራ በመፈለግ ላይ ያሉትንም ይጨምራል። ሥራ መፈለግ ምን ያህል አድካሚ ሥራ እንደሆነ የተረዳ ተቋም በማየቴ እንባዬ መጣ።

፭ኛ/ የዘንድሮው ብሮሹራችሁ ሽፋን እጅግ ያምራል። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ የአንድ አዛውንት ጉልበት ይዛ የምትስቀው ልጄ ናት፤ አዛውንቱም የግቢው አትክልተኛ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደህና ነው። አባቶች «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ሲሉ በሬውን ይወቅሱ ነበር። እናንተ ግን ሳሩን በቀለም አትማችሁ ገደሉን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለቆለፋችሁበት በሬው ከወቀሳ ድኗል።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ልጄን ከሁለተኛ ዓመት እንድትጀምር ተቀብሏታል፤ ትሄዳለች። ዓመቷ መቃጠሉን እንደምንም ችላው ነበር። ያስለቀሳት ባለፈው እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ያንን ብሮሹር ይዛ መጥታ፣ «አንቺ ካለሽበት እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እገባለሁ» ማለቷ ነው። ይህችን ልጅ እኛ ቁጭ አድርገን ነግረናታል። የልጄን ፎቶ አይተው የሚመጡትን ሌሎቹን ግን አናውቃቸውም።

ስለዚህ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ማስታወቂያው ከነሙሉ ቃሉ ዋናው በር ላይ እንዲለጠፍ፣ የልጄም ፎቶ ከብሮሹሩ እንዲነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሥራ ብዛት ካልተመቻችሁ አትቸገሩ፤ እኔ ከሥራዬ ፈቃድ ወስጃለሁ። ምዝገባው በሚከፈትበት ጠዋት ልጄ ያንኑ ጋውን ለብሳ፣ እኔ በእጄ የገለበጥኩትን የማስታወቂያውን ቅጂ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። አዲሶቹ ተማሪዎች ማን ናት ብለው አይጠይቋትም፤ ፊቷን በሚገባ አስተዋውቃችሁልናል።

ቢሮዎ ይህን ደብዳቤ እንደ ማስታወቂያዎ ሁሉ በክብር ቆልፎ እንደሚያስቀምጠው በመተማመን፣ ለሁሉም እንዲነበብ በጋዜጣ ያወጣሁት፣

አክባሪዎ፣
የደንበኛ ተኮር አገልግሎት ሠልጣኝና
የብሮሹርዎ ሽፋን አባት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ እዚያው ሆስፒታል ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ ከመጡት የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች መካከል ታናሹን ልጅዎን አግኝታዋለች። ጨዋና ጎበዝ ልጅ ነው ትላለች፤ እንኳን ደስ ያለዎት። መረጃው ቢያንስ ለአንድ ወላጅ በጊዜው መድረሱን በማወቄ እጅግ ተጽናንቻለሁ።